የአርዲስ መጋረጃ ያላት መኪና ጉዳይ

ቀን፦ የሰኔ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ
ቦታ፦ አዮዋ፣ ዴልማን ከተማ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ ከውሃ ቦቴው ጎን

የተገኙ የከተማው ምክር ቤት አባላት፦ ወ/ሮ ላቮን ስቴክ (ሰብሳቢ፣ ኬክ ቤት ያላቸው)፣ አቶ ዴንቨር ክሩሴ (የጉዞ መኪና ነጋዴ)፣ አቶ ጊልበርት ሆፍ (በቆሎ አምራች)፣ ኦርቪል ትቬት (ጸሐፊ፣ ጽሑፉ የሚነበብ ሌላ ሰው ስለጠፋ)። አምስተኛው አባል ዓሣ ሊያጠምድ ሄዷል። ምልዓተ ጉባኤው ያለ እሱም ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ መኝታና ማድቤት ያላትን የጸሐፊውን አሮጌ የጉዞ መኪና ከፓርኩ ጥግ ስለማንሳት

አቶ ዴንቨር መኪናዋ ከመደብራቸው ፊት ለፊት በዝገት ተበልታ መቆሟን፣ መንገደኛውም "እዚህ የሚሸጠው ይሄ ነው እንዴ?" እያለ ወደሚቀጥለው ከተማ እንደሚያልፍ አመለከቱ። ጸሐፊው መጋረጃዋን ሟች ባለቤቱ አርዲስ እንደሰፋችው፣ ሌላ ማቆሚያ ስለሌለውም ከተነሳች ለቁርጥራጭ ብረት እንደምትሄድ አስረዳ።

አቶ ዴንቨር "ኦርቪል ወንድሜ፣ ውስጧ እኮ ራኩን ወልዳባታለች" አሉ (ራኩን ጭራዋ ቀለበት ቀለበት ያለው፣ ድመት የምታክል የዱር እንስሳ ናት)። ጸሐፊው "ጣሪያዋ እንዳንተ አዳዲስ መኪኖች የማያፈስ መሆኑን አይታ ነዋ!" አለ። ይህ እንዳይመዘገብ ተጠየቀ። ተመዝግቧል።

አቶ ጊልበርት መኪናዋ በበቆሎ አምሳል ቀለም ተቀብታ የከተማው ሐውልት እንድትሆን ሐሳብ አቀረቡ። ደጋፊ አልተገኘም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጸሐፊው አሁኑኑ ራሱ ነድቶ ከከተማው እንዲያወጣት በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ስብሰባው ለዚሁ ተቋረጠ።

አጀንዳ 2፦ ስብሰባው በተቋረጠበት ጊዜ ስለደረሰው

መኪናዋ ከአራቱም አቅጣጫ የመጣ ሁሉ ቆሞ የሚያልፍበት መስቀለኛ መንገድ ደረሰች። ጸሐፊው እናቱ እንዳሳደገችው በእጁ "እለፉ" አለ። ከፊቱ ያለው ባለ ትራክተር "ኧረ አንተ እለፍ" አለ። ከግራ የመጡት ባልና ሚስት "በፍጹም፣ እናንተ ቅደሙ" አሉ። ከቀኝ የመጡት ቄስ ደግሞ ሁሉንም ጋበዙ። ባለጌ ስላልነበረ ያለፈም አልነበረም።

ወደ ሐይቁ የሚሄዱ የጉዞ መኪኖች እስከ እህል ጎተራው ድረስ ተሰለፉ። ወ/ሮ ላቮን ኬካቸውን በየመስኮቱ አዙረው ሸጠው ጨረሱ። ከጎረቤት ክፍለ ግዛት ከሚዙሪ የመጣ አንድ ሰው መቆሙ ሲሰለቸው ወደ አቶ ዴንቨር መደብር ገብቶ አዲስ መኪና ገዛ።

አቶ ዴንቨር ላብ በላብ ሆነው እየሮጡ መጡ። "ኦርቪል፣ በአርዲስ ነፍስ ይዤሃለሁ፣ እንዳትንቀሳቀስ!"

"ውሳኔ ውሳኔ ነው፣ ጌታው።"

"ሻረዋ!"

"እኔ ጸሐፊ ነኝ። ጉባኤው ይሻረው።"

ጉባኤው እዚያው መስቀለኛው ላይ፣ በመኪናዋ ማድቤት ተሰየመ። ራኩኗ በታዛቢነት ተገኝታለች።

ውሳኔ፦ ቀደም ሲል የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። መኪናዋ ወደ ጥጓ ትመለሳለች። የጉዞው ወቅት እስኪያልፍ በየቅዳሜው እስከ መስቀለኛው እየወጣች ሰው ታስቀድማለች። አቶ ዴንቨር መጋረጃው ቆንጆ መሆኑን በጸሐፊው ተጠይቀው አምነዋል።

ስብሰባው በአስር ሰዓት ተኩል ተዘጋ። መበተን ግን አልተቻለም፤ የመኪናዋ በር ጠባብ ስለሆነ "አንቺ ቅደሚ"፣ "ኧረ አንተ ውጣ" በመባባል ላይ ነን። ይህ ሲጻፍ አራታችንም ውስጥ ነን።

አርዲስ እንግዳ ትወድ ነበር።