የሻንግ ንጉሥ አጥንትና የአባቴ ዳዊት

እንደው ልጠይቃችሁ፣ ልጃችሁ ድንገት ስለ ድሮ የቻይና ነገሥታት ብታወራችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ "ሥራ ይገኝበታል ወይ?" ነው ያልኩት። ልጄ ማህሌት እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የምታጠና የሃያ ዓመት ልጅ ናት። "ዳዲ፣ ጀስት ስማኝ" አለችኝ። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ሺህ ዓመት ያለፈው ሻንግ የሚባል ሥርወ መንግሥት ነበር። ንጉሡ ጥርሱን ቢያመው፣ ዝናብ ቢዘገይ፣ መዝመት ቢያስብ፣ የኤሊ ቅርፊት ወይም የበሬ አጥንት እሳት አስነክቶ ስንጥቁን ያነባል። ሞራ ገላጭ በሉት። ልዩነቱ፣ እነሱ ጥያቄውን እዚያው አጥንቱ ላይ ይቀርጹታል፤ አንዳንዴም በኋላ የሆነውን ይጨምሩበታል። የእኛ ሞራ ገላጭ ብልህ ነው፣ አይጽፍም። "ዘንድሮ ጥጋብ ነው" ብሎ በጉን በልቶ ይሄዳል። ሳይሆን ቢቀር በምን ማስረጃ ትከሱታላችሁ?

አጥንቶቹ ከመሬት ሲወጡ ደግሞ መድኃኒት ናቸው ተብለው እየተፈጩ ይጠጡ ነበር አሉ። ስንቱ ታሪክ በሰው ሆድ ቀረ። ጽሑፉን የተማረ ሰው ልብ እስኪለው ድረስ ሻንግ ተረት ነው የሚሉም ነበሩ።

ማህሌት ታዲያ አንዱን አነበበችልኝ። ንጉሡ ሚስቱ ልትወልድ ነው፣ መልካም ይሆን ወይ ብሎ ይጠይቃል። በሠላሳ አንደኛው ቀን ወለደች። ከሥሩ የተቀረጸው ምን መሰላችሁ? መልካም አልሆነም፣ ሴት ናት።

እኔ ሳቅሁ። እኛስ ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት እልልታ አይደል የምንለው? እሷ አልሳቀችም። ለክፍሏ ፕረዘንቴሽን አለባት፤ ይህን አጥንት ከቤተሰባችን ጽሑፍ ጋር ልታነጻጽር ነው። "አባባ ልጅ ሲወለድ ዳዊታቸው ላይ ይጽፉ ነበር ብለኸኝ የለ? የኔንም ጽፈዋል አይደል?" አለችኝ። ሳቄ ጠፋ።

አባባ አባቴ ናቸው፣ ካረፉ ስድስት ዓመታቸው። የልጅ ልጅ በተወለደ ቁጥር በዳዊታቸው መጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ በገዛ እጃቸው ይጽፉ ነበር። እውነቱን ላውጣው። ማህሌት የተወለደች ዕለት አዲስ አበባ ደወልኩ። አባባ ታመው አልጋ ይዘዋል። ወንድሜ ጌቱ አምስት ሴት ወልዶላቸዋል፣ እሳቸው ወንድ ናፍቀዋል። በደከመ ድምፅ "ወንድ ነው?" አሉኝ። "አዎ፣ አባባ" አልኩ። ደስ ብሏቸው ይረፉ ብዬ ነው። እሳቸው ግን ድነው ዐሥራ አራት ዓመት ኖሩ። ሴትነቷን በኋላ ከጌቱ ሰምተዋል። እኔን ግን አንድም ቀን አላነሡብኝም፣ እኔም ይቅርታ ሳልል ሞቱብኝ።

አሁን ያንን ገጽ ብታየው ምን ትላለች? አባቴ አፍሮብኛል አትልም? ዳዊቱ ደግሞ ጌቱ ዘንድ ነው ያለው። "ጌቱ ሥራ ይበዛበታል፣ አታስቸግሪው" አልኳት። ለካ ቀድማ ቴክስት አድርጋለታለች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የገጹ ፎቶ ከጌቱ መጣ። አቢዴል ሰፈራችን ገብተን መኪናውን ፓርክ እንዳደረግኩ ስልኩን ሰጠችኝ። ማህሌት አማርኛ ትሰማለች እንጂ ማንበብ ላይ የለችበትም። ያሻኝን ባነብላት ማን ያውቅብኛል? ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በአንዱ ውሸት ሃያ ዓመት አፍሬያለሁ፣ ሌላ አልደግምም ብዬ እንደተጻፈው "ወንድ ልጅ ተወለደ" አልኳት። ያደረግኩትንም ሁሉ ነገርኳት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ ስልኩን በጣቷ እያሳየች "ከሥሩ ሌላ አለ" አለች። እውነት ነው፣ ከሥሩ በሌላ ቀለም፣ እየተንቀጠቀጠ በተጻፈ የአባባ እጅ ጽሑፍ ሌላ አለ፤ ላንብብላችሁ።

"ከላይ ወንድ ያልኩት ሴት ናት፣ ስሟ ማህሌት። ልጄ መታመሜን አይቶ ዋሸኝ። እኔም በደስታዬ ከአልጋዬ ተነሣሁ። እንግዲህ ያዳነችኝ እሷ ናት።"

ማንበቡን አልጨረስኩትም፣ እንባ ቀደመኝ። ማህሌት ናፕኪን ሰጠችኝና ትከሻዬ ላይ ተደገፈች።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ለመንኳት፤ "ዋሸኝ" የምትለዋን ተያት። "ዳዲ፣ ሶርስ አይቆረጥም" አለችኝ፤ የታሪክ ማስረጃ ከመሃሉ አይቀነስም ማለቷ ነው። የፕረዘንቴሽኑ ዕለት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አየሁ። የአባባን ገጽ በትልቁ ስክሪን ላይ አወጣችው፣ ተረጎመችው፣ ከዚያም ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ "ውሸታሙ እዚያ ያለው ነው፣ አባቴ ነው" አለች። ፕሮፌሰሩ ሳይቀር ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን ላድርግ? ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።