ጥግ ላይ የተሞከረ በርበሬ

(የአናጢ መሥሪያ ቦታ። አናጢው ገና ቀለም ያልነካው በር አጠገብ ቆሟል። የሚስቱ ወንድም ቀለም ቀቢው ሆዱን ይዞ ሳንቃ ላይ ተጋድሟል። በመሀላቸው የአናጢው የተከደነ የምሳ ሳህንና አንድ ኩባያ አሉ።)

አናጢው፦ ጠጣው ብዬሃለሁ። ባለቤቱ በሩን ሊወስድ እየመጣ ነው። አንተ እዚህ ተዘርረህ ማን ይቀባልኛል?

ቀቢው፦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ በርበሬ ነው።

አናጢው፦ በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ በርበሬ። የአያቶቻችን መድኃኒት። ሆድ ውስጥ ይገባና ሕመሙን ያቃጥለዋል፤ ሕመሙም መቆሚያ ሲያጣ ጥሎ ይወጣል።

ቀቢው፦ በየት በኩል?

አናጢው፦ እሱን ለሕመሙ ተውለት።

ቀቢው፦ ሕመሙ እዚሁ ቀርቶ እኔ የሄድኩ እንደሆነስ?

አናጢው፦ በሩን ሳትቀባ የትም አትሄድም።

ቀቢው፦ ትንሽ እህል ቢቀድመውስ? ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም፤ ሆዴ ይጮኻል። እህቴ የቋጠረችልዎት ደግሞ ሽታው…

አናጢው፦ (ሳህኑን ወደ ራሱ እየሳበ) ሆዱን ላመመው ሰው ምግብ ክልክል ነው። ይሄን ሕፃን ያውቀዋል።

ቀቢው፦ እሺ። ግን እኛ ቀቢዎች አዲስ ቀለም መጀመሪያ ጥግ ላይ ነው የምንሞክረው።

አናጢው፦ እና?

ቀቢው፦ እርስዎ ጥግ ይሁኑልኝ።

አናጢው፦ (በንቀት ይጠጣል) ይኸው። ምንም… ምንም አይልም።

ቀቢው፦ ቀሉ እኮ።

አናጢው፦ ጤና ነው።

ቀቢው፦ ቀለም በአንድ እጅ ቅብ ብቻ መልኩ አይለይም። ሁለተኛ እጅ ይደረብበት።

አናጢው፦ የፈራሁ እንዳይመስልህ። (ይጨልጠዋል። ዓይኑ ይፈጣል።) ውሃ… ውሃ…

(ወደ ጓሮ ቧንቧ ይሮጣል። ቀቢው ቀስ ብሎ ይነሣና ሳህኑን ይከፍታል። አናጢው ውሃ እያንጠባጠበ ሲመለስ፣ ቀቢው እያፏጨ በሩን ይቀባል።)

አናጢው፦ ተነሣህ እንዴ?

ቀቢው፦ ለቀቀኝ፣ ጋሼ። መድኃኒትዎ ተአምር ነው።

አናጢው፦ አልነገርኩህም? (ወደ ኩባያው አይቶ) አልጠጣህም እኮ።

ቀቢው፦ እርስዎ ጠጡልኝ።

አናጢው፦ (አስቦ) በጋብቻ ዘመድም ይሠራል ማለት ነው። እኔ በሥጋ ዘመድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። (ሆዱን ይይዛል) አሁን ግን እኔን ቁርጠት ያዘኝ።

ቀቢው፦ ሕመሙ በየት በኩል እንደሚወጣ አሁን ገባኝ።

አናጢው፦ ምሳዬን አቀብለኝ፣ እህል ያስታግሠዋል። (ሳህኑን ይከፍታል) ባዶ ነው።

ቀቢው፦ ሳንቃው ላይ ጋደም ይበሉ፣ ተኝቼ አሙቄልዎታለሁ። (ብሩሹን እየነከረ) ሆዱን ላመመው ሰው ምግብ ክልክል ነው ብለውኝ የለ? እንዳያጓጓዎት ብዬ ጨረስኩልዎት።