ባለ ሃያ ሁለት ገጹ ምክትል

(ሳሎን ውስጥ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተቆልሏል። ምክትሉ ለሃያ ዓመት የሳሙና ፋብሪካ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ስምንት ወር ቤት ውሏል። ታላቅ እህቱ እትዬ እዚያው ፋብሪካ ሳሙና ስታሽግ ኖራ ጡረታ ወጥታለች።)

እትዬ፦ (ሲቪው ላይ የተለጠፈውን ፎቶ እያየች) እኔ ግን ይሄን ሰውዬ አላውቀውም።

ምክትሉ፦ እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ!

እትዬ፦ ይሄኛው ጸጉር አለው።

ምክትሉ፦ ያኔ ነበረኝ!

እትዬ፦ ታዲያ በሩ ላይ ሲያዩህ «አባትየው መጣ፣ ልጁስ የታለ?» ቢሉህ ምን ልትል ነው?

ምክትሉ፦ (ፎቶውን እየላጠ) እሺ፣ ወጣ! አሁን ዝም ብለሽ አዳምጪ። ማመልከቻው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ይሄ ሥራ ካመለጠኝ መስኮት ሥር ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን እንደቆጠርኩ መቅረቴ ነው። ለትልቅ ቦታ ሲቪ እንዴት እንደሚጻፍ ደግሞ እኔን ጠይቂኝ። ሃያ ሁለት ገጽ!

እትዬ፦ እሰይ የኔ ወንድም። በል አንብበው።

ምክትሉ፦ «ገጽ አንድ። በአራተኛ ክፍል የክፍል አለቃ ሆኜ...»

እትዬ፦ ውይ፣ እሱንስ አስታውሳለሁ! ሦስት ቀን ነው። ጠመኔውን ቆርጥመህ ጨረስክና ሻሩህ።

ምክትሉ፦ (ገጹን እየጨመደደ) ይለፍ። ገጽ ዘጠኝ። «የተቀናጀ ስልታዊ አመራር ሰጥቻለሁ።»

እትዬ፦ ሳሙናው ምን ሆነ?

ምክትሉ፦ የምን ሳሙና?

እትዬ፦ አመራር ስትሰጥ ነዋ።

ምክትሉ፦ ምን ይሆናል! ሳሙና ነው!

እትዬ፦ እሺ አትቆጣ፤ እኔ ምን አውቃለሁ። ቀጥል።

ምክትሉ፦ ገጽ አሥራ አራት። «አርባ ሰባት ስብሰባዎችን በሰብሳቢነት...»

እትዬ፦ ሳሙናውስ?

ምክትሉ፦ እትዬ! ሳሙና ስብሰባ አይገባም!

እትዬ፦ (እየሳቀች) እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። ክረምት ክረምት ሳሙናው እየተሰነጠቀ ከአሥር ካርቶን ሦስቱ ይመለስብን አልነበር? አንተ እጅጌህን ሰብስበህ ማድረቂያ ክፍል ገብተህ ሰነበትክ። ሁለት ቀን ይደርቅ የነበረውን አራት ቀን እንዲደርቅ አደረግክ። ከዚያ ወዲህ አንድም ካርቶን አልተመለሰም። እሱ የትኛው ገጽ ላይ ነው?

ምክትሉ፦ (ሃያ ሁለቱንም ያገላብጣል) ...የለም።

እትዬ፦ ጻፈዋ ታዲያ!

(ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ይቀዳል። ሰዓቱ አሥር ሲሆን ከሃያ ሁለቱ ሁለት ገጽ ብቻ ቀርቷል።)

ምክትሉ፦ (ኮቱን እየለበሰ) አየሽ? ዕውቀት ማለት ይሄ ነው! አጭር፣ ፍሬ ያለው! ለመሆኑ አንቺን ስለ ሲቪ ማን አስተማረሽ?

እትዬ፦ ፋብሪካው ነዋ። ካርቶን ሥር የምናነጥፈው ወረቀት የሥራ ፈላጊ ሲቪ አልነበር እንዴ? ምሳ ሰዓት ላይ እያነሳን እናነብ ነበር። አቤት የሰው ጉድ! ሁሉም ደግሞ ወፍራም፣ ወፍራም።

ምክትሉ፦ (በንዴት) የሰው ሲቪ! የትኛው ጅል ነው ሳያነብ ወደ ማሸጊያ ክፍል የሚያወርደው?

እትዬ፦ እኔንጃ። ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ረዝሟል፤ ለማሸጊያ ይዋል» ይላል። ፊርማው ግን ያንተ ነው።