ተርቦውና የእኔ አፍ

ነገር ሁሉ የተበላሸው እህቴ ሜሮን በተዳረችበት እሑድ ነው። ሠርግ የደስታ ቀን ነው ይባላል፤ ለተጋቢዎቹ ይሁንላቸው። ለዘመድ ግን ፈተና ነው፦ ማን ምን ለበሰ፣ ማን የት ተቀመጠ፣ የማን መኪና ፊት ሄደ። እኛን ያጠፋን ይህ የመጨረሻው ነው።

የሙሽራው ወገን የቦሌ ሰዎች ናቸው። አጀባቸው በኤሌክትሪክ መኪና የተሞላ ነበር፤ ድምፅ የላቸውም፣ ነካ ሲያደርጓቸው ውልብ ነው። እኛ የየካ አባዶዎቹ የነበረን የታላቅ እህቴ ባል የብርሃኑ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ነው። ካሜራማኑን ጭኖ አጀቡን እንዲመራ ከስንት ክርክር በኋላ ተፈቀደለት። ብርሃኑ ታዲያ «በሠርጋችን ቀን ልንቀደም ነው?» ብሎ መገናኛ አካባቢ ጋራዥ አስገባና የተርቦውን ግፊት አስጨመረ።

ተርቦ፣ ለማታውቁት፣ ሞተሩ በሚተፋው ጭስ የምትሽከረከር ትንሽ መዘውር ናት፤ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ታስገባለች። አየር ሲበዛ ናፍጣ ይጨመራል፣ ጉልበት ይመጣል። እሰየው። ግን የታመቀ አየር ይግላል፤ ግፊቱም ሙቀቱም የሚያርፈው የሞተሩን ራስ ከገላው አገናኝታ ውሃና ጋዝ እንዳይሾልክ በምታሽገው ስስ ጓርኒሲዮን ላይ ነው። ፋብሪካው ግፊቱን የገደበው ሰስቶ አይደለም። ጉልበት ስትጨምሩ ከዕድሜ ትቀንሳላችሁ። ይህን ለመማር ወጣትነቴን ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ፤ ጥፋቴም ሠርግ ቤት ውስጥ፣ ሴቶቹ ሽንኩርት እየከተፉ ሳለ፣ መናገሬ ነው።

«ብርሃኑ፣ ይሄ ሞተር ዳገት ላይ ይከዳሃል።»

«ኢንጂነር፣ አንተ መኪና ያለህ ወረቀት ላይ ነው። ተወን እስቲ!»

አክስቴ እታለማሁ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ኧረ በሠርግ ቤት! ሟርትህን ይዘህ ውጣልኝ!»

በማግስቱ አጀቡ ጉርድ ሾላ ሲደርስ አንዷ ኤሌክትሪክ ልትቀድም ብቅ አለች። ብርሃኑ ነዳጁን ረገጠ። ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ሞተሩ ውስጥ ገባ፣ ጭሱ ወጣ። የሠርጉን ቪዲዮ ብታዩት ነጭ ደመና አለ፤ ከደመናው ውስጥ ጡሩምባ ይሰማል። ሙሽራዋ የለችም።

ሰው ሁሉ ዞሮ ማንን ያየ ይመስላችኋል? ብርሃኑን? ጋራዡን? እኔን ነው። «ተናገረባት!»

በመልሱ ቀን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ትልቁ በጣም ደግ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ሞተር ብረት ነው፣ ይጠገናል። ክፉ ቃል ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም። በል ተነሥ» አሉኝ። ተነሣሁ። የብርሃኑን ጉልበት ሳምኩ።

ብርሃኑም ይቅር አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከቤተሰባችን መንገድ ሊሄድ የተነሣ ሰው ስልኬን አያነሣም። ሜሮን ስትወልድ ልጠይቃት ብሄድ፣ አክስቴ በር ላይ ጠብቀው «ልጁን አይተህ ወፈረ እንዳትል፣ ከሳም እንዳትል» አሉኝ። «ይደግ» ብዬ ወጣሁ። እሱንም በጥርጣሬ ነው የተቀበሉኝ።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። አሁን ግን የልጁ ክርስትና በመጪው እሑድ ደብረ ብርሃን፣ ወላጅ አባታችን ቤት ነው። ሜሮንና ሕፃኑ የሚሄዱት በዚያው ፒካፕ ነው። ብርሃኑ ሞተሩን አስጠግኖ፣ የተርቦውን ግፊት እንደገና አስጨምሯል፤ «ከበፊቱ ትንሽ ዝቅ አድርገን ነው» ይላል። መንገዱ ዳገት ነው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ተርቦው የጎደለውን ለመሙላት ይበልጥ ይከንፋል፣ ይበልጥ ይግላል። ከባድ መኪና በሚያጣብበው ዳገት ላይ፣ በጭስ መሃል፣ ጨቅላ የታቀፈች ሴት ስትቆም ታየኝ። እኔ በአውቶቡስ እንድመጣ ተነግሮኛል።

ደወልኩላት። ደግነቱ አነሣች። «ወንድሜ፣ በእናትህ፣ ስለ መኪናው አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» ብላ ዘጋችው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። የተርቦ መኪና ነድተው አያውቁም።

ስለዚህ ጻፍኩት። ሜሮን፣ ተናግሬ ሞተሩ ሲቃጠል ሟርተኛ ተባልኩ፤ እሺ። ዝም ብዬ ቢቃጠልስ፣ አንቺና ልጅሽ ውስጡ እያላችሁ፣ ያን ጊዜ ምን ልባል ነው? ሽማግሌ አትላኪብኝ፣ አንቺው መልሺልኝ። ከእሑድ በፊት።