ክዋኩ አሴንሶ መኪና ሊያበሩ የዘመቱበት ዘመቻ

በሰባተኛው ዓመተ ትምህርቱ ለክዋኩ አሴንሶ፥ የሦስተኛውን ዓመት ፈተና ለአራተኛ ጊዜ ከበው ለአራተኛ ጊዜ ባዶ እጃቸውን በተመለሱበት፥ በኩማሲ ዝናብ በገባበት ወራት፥ መብረቀ ምሕንድስና፥ የመፍቻ ሁሉ ጌታ የሆኑት እኒህ ጀግና መኪና ሊያበሩ ቆርጠው ተነሡ። ያስነሣቸውም የእናታቸው ወንድም ዎፋ ቦአቺ ያስነገረው አዋጅ ነው፦

«ስማ ተሰማማ! አንተ የእኅቴ ልጅ፥ ሰባት ዓመት አስተማርኩህ፤ የቤቴን አምፖል እንኳ መቀየር አቃተህ። በተማሪዎች የንድፍ ውድድር ያ በራሪ መኪና የምትለው መጫወቻህ አሥር እስኪቆጠር አየር ላይ ከቆየ ታልፋለህ አሉ፤ እሰየው። ካልቆየ ግን ትምህርት በቃህ! ሰኞ ጠዋት የሚኒባሴ ወያላ ነህ!»

ጀግናውም ይህን በሰሙ ጊዜ እንደ አንበሳ አገሱ፤ ኬንኬ በተጠበሰ ዓሣ በሉ፤ ተኙም። በሦስተኛው ቀን ሠራዊታቸውን አሰለፉ። ሠራዊቱም ይህ ነው፦ ስሌቱን ያሰላች አፍሪዬ፥ አራቱን ሞተር ያሰረች አፍሪዬ፥ ክንፉን ከቀርከሃ የጠረበች አፍሪዬ፤ በደጀንም ሙዚቃ የከፈቱ አራት ጓዶች። ጀግናው ግን ከሁሉ የከበደውን ሥራ ለራሳቸው ያዙ፤ እርሱም ማዘዝ ነው።

በአርባኛው ቀን መኪናይቱ በግቢው ጓሮ ክንድ ያህል ተነሥታ ሃያ እስኪቆጠር አየር ላይ ቆየች። ሁሉም እልል ሲሉ ጀግናው ፊታቸው ጠቆረ፤ በኩማሲ ጎዳና ጽሕፈት የሌለው መኪና ምኑ መኪና ነውና። ወዲያው አስነገሩ፦ «መኪና እርቃኑን አደባባይ አይወጣም! ድዋሜናን ጥሩልኝ!»

ድዋሜናም፥ የከተማውን ታክሲ ሁሉ በምክር የሞላው ሠዓሊ፥ ከነቀለም ቆርቆሮው ደረሰ፤ በኋላዋ «ጠላቶቼ አንጋጡ»፥ በግንባሯ «ምቀኛ አይተኛም»፥ በክንፎቿ «ታገሥ ወንድሜ» ብሎ በቢጫ ጻፈ፥ በቀይ ከበበ፥ ለፊደሉ ሁሉ ጥላ አበጀ፥ ሦስት ጊዜም ደረበ። ያን ጊዜ አፍሪዬ አወጀች፦ «አንተ ሰውዬ፥ ቀለሙ ከሞተሮቹ ከበደ! ይፋቅ! ምክር ተሸክሞ የሚበር የለም!» ከጀግናውም ዘንድ ሌላ አዋጅ ወጣ፦ «የፋቀ እጁ ይድረቅ!» አፍሪዬም መፍቻዋን ሰብስባ ሄደች፤ እርሷስ በስሌቷ ብቻ አልፋ ነበር።

በውድድሩም ዕለት ጀግናው ኬንቴ ደርበው ወጡ፤ ሕዝቡም ጠላት ሲቆጥረው ስድሳ፥ ወዳጅ ሲቆጥረው ስድሳ ሺህ ነበረ። ቁልፉን ተጫኑ። ሞተሮቹ ጮኹ፤ አቧራ ተነሣ፥ ወረቀት ተነሣ፥ የዳኛዋ ባርኔጣ ተነሣ፤ ከመኪናይቱ በቀር ያልተነሣ አልነበረም። ዳኛዋም ባርኔጣዋን አስለቅማ ፍርዷን አሰማች፦ «ወድቋል እንዳንል መጀመሪያ መነሣት ነበረበት። ጽሕፈቱ ግን ያምራል፤ የማን እጅ ነው?» ከአጥር ውጭ የቆሙ ሾፌሮችም ድዋሜናን በትከሻቸው ተሸክመው፥ «ለእኔም! ለእኔም!» እያሉ ወሰዱት። ጀግናውን የተሸከመ አልተገኘም።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ጀግናው በዎፋ ቦአቺ ሚኒባስ ደጃፍ ተንጠልጥለው፥ ሸሚዛቸው እንደ ሰንደቅ እየተርገበገበ፥ በኩማሲ ላይ አዋጅ ነገሩ፦ «ኤጂሱ! ኤጂሱ! አንድ ሰው የቀረው! እማማ፥ ጠጋ ጠጋ በሉ!» አሥር እስኪቆጠር አይደለም፥ እስከ ኤጂሱ ድረስ እግራቸው መሬት አልነካም። ክብር ለክዋኩ አሴንሶ ይሁን! መኪናይቱ አልበርም ብትል ራሱ የበረረ፥ ከነገሥታት ማን አለ?