ቡቺ ባሕር ከሄደ ሱቁን ማን ይጠብቃል?

በኮሮና ተዘግቶ የከረመው የደርባን ባሕር ዳርቻ ተከፈተ! አባቴም «ቅዳሜ ውሻችንን ቡቺን ይዘን እንሄዳለን» አለ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ለመሆኑ ባለሱቅ ሽርሽር ሲያቅድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከደርባን ርቃ ባለችው ቶኮዛ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ በፈቃዱ አንድ ቀን አርፎ የማያውቀው፣ ባሕርን በካላንደር ሥዕል ብቻ ያየው አባቴ፣ እራቱን አቋርጦ፦

«ቡቺ ከሄደ ሱቁን ማን ይጠብቃል?» አለ።

«እንግዲያው ቡቺ ይቅር» አለች እናቴ።

«ማን ያበላዋል? ከሰው እጅ አይበላም እኮ!»

«አንተ ምንድን ነህ ታዲያ?»

እኔ ሳቅሁ፤ እነሱ አልሳቁም። ባለፈው በኮሮና ሱቁ በግድ በተዘጋበት ሰሞን መደርደሪያው እንኳ ሳይቀር ተዘርፎብናል።

«እናንተ ሂዱ» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

መኪናውን እናቴ ትነዳለች። የአባቴና የቡቺ ቦታ ባዶ ስለሆነ፣ ደርባን መሄድ የምትፈልጉ ማስካችሁን አድርጋችሁ ኑ።