ክቡር እህ እና የእናቴ መንጋጋ

በየትኛውም ሕክምና ቤት፣ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ የሰውን ውስጥ አይቶ «እህ» የሚልና ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል የማይተነፍስ ሰው አለ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሐኪም አይደለም፤ ሐኪምማ ይናገራል፣ ይጽፋል፣ ይቆጣል። ይሄኛው ራጅ አንሺ ነው። ስክሪኑን ያያል፣ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል፣ «እህ» ይላል። «ምን አዩ?» ብትሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ሐኪሙ ይነግርዎታል።» ነጎድጓድ ሰምቻለሁ፣ በጨለማ እንደ ሕፃን የምታለቅስ ድመት ሰምቻለሁ፤ የዚያን «እህ» ያህል ያስፈራኝ የለም።

የእኛ ሰፈር ጥርስ ክሊኒክ ራጅ አንሺ የራሳቸው ስም አላቸው፤ እኛ ግን ክቡር እህ እንላቸዋለን። ረጅም፣ ገርጣ ያሉ፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ክፍላቸው ምድር ቤት ነው። ደረጃውን ስትወርዱ ከላይ የሚጮኸው መቦርቦሪያ እየራቀ ይሄድና፣ ከበሩ አናት የተሰቀለች ቀይ አምፖል ብቻ ትቀራለች። አምፖሏ ስትበራ መግባት ክልክል ነው። ስትጠፋ ደግሞ መግባት የሚፈልግ የለም።

ውስጥ አንድ ማሽን ቆሞ ሰው ይጠብቃል። ክቡር እህ ጨረር የሚከላከለውን ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ትከሻችሁ ላይ ይጭኑና፣ አገጫችሁን በሁለት ቀዝቃዛ ጣቶች ይዘው መደገፊያው ላይ ያስቀምጡታል። «ይህችን ዘንግ በፊት ጥርስዎ ይንከሱ። ምላስዎን ላንቃዎ ላይ ይለጥፉ። አይንቀሳቀሱ። ነፍስ ያለው ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ እርስዎ ግን አይንቀሳቀሱ።» ይህን ብለው ከግድግዳው ኋላ ይሰወራሉ። ማሽኑም እያጉረመረመ ከአንዱ ጆሮ ተነስቶ፣ ጭንቅላታችሁን ዞሮ፣ ሌላው ጆሮ ዘንድ ይደርሳል። አይነካችሁም። ባይነካችሁም የለካችሁ ይመስላችኋል።

ሲያበቃ ፊታችሁ ከጆሮ እስከ ጆሮ ተዘርግቶ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ሥጋ የለ፣ ከንፈር የለ፣ ጥርስና አጥንት ብቻ። ያ ጥርስ ይስቃል። በሕመም ሲያቃስት ያደረ ሰው እንኳ እዚያ ላይ ሲታይ ይስቃል።

ክቡር እህ መንገድ ላይ ሲያገኟችሁ የሚያዩት ዓይናችሁን ሳይሆን ጉንጫችሁን ነው። ስም አይዙም፤ መንጋጋ ግን አይረሱም። አንድ ቀን ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ገበያ መሃል አስቁመው «ያቺ በግራ በኩል ተጋድማ የነበረችው እንዴት ናት?» አሉት። አጠገቡ የነበረችው ሚስቱ፣ ነገሩ ስለ ጥርስ መሆኑ እስኪገባት ድረስ ቤት አላስገባችውም። አውቶቡስ ውስጥ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ሰው ቦታ ሳይቀይር አይወርድም። የክሊኒኩ ዘበኛ አባት ታመው ሊጠይቁ የሄዱ ዕለትማ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ሽማግሌውን አየት አደረጉና «እህ» አሉ። ሽማግሌውን የያዛቸው ጉንፋን ነበር። እንግዳው ገና ከደጅ ሳይርቁ ሽማግሌው ልጆቻቸውን አስጠርተው ተናዘዙ።

እንግዲህ እናቴን ይዤ የወረድኩት ወደዚህ ሰው ነው። ጉንጯ አብጦ አልጎድል ብሎ ሰንብቷል። ሐኪሙ «ትንሿ ራጅ አንድ ሁለት ጥርስ ብቻ ናት የምታሳየኝ፤ መንጋጋውን ከዳር እስከ ዳር ማየት አለብኝ» ብለው ላኩን።

ክቡር እህ ለእናቴ ትሑት ነበሩ። «እማማ፣ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይውለቅና ትሪዋ ላይ ይቀመጥ። ጉትቻ፣ ሐብል፣ መነጽር፣ የፀጉር ሽቦ፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለም እሱም። አንዲት ጉትቻ ብትቀር ጥላዋ በወዲያኛው ጉንጭ ይወጣል።»

«በወዲያኛው?» አለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«በወዲያኛው። የሌለ ነገር ያሳየናል።»

እናቴ ፊቷን አዙራ ጉትቻዎቿን አወለቀች። ክቡር እህ ሻሿን አየት አደረጉ፤ አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ዘጉት። እኔ በሩ ላይ እንድጠብቅ ተነገረኝ። ቀይዋ አምፖል በራች፣ ማሽኑ ዞረ፣ አምፖሏ ጠፋች። ከግድግዳው ኋላ ድምፅ መጣ።

«እህ።»

ይሄኛው እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ረዘመ። በሩን ገፍቼ ገባሁ።

«እማማ፣ ሁሉንም አውልቀዋል?»

«አውልቄያለሁ ልጄ።»

«ጉትቻውንም?»

«በልጄ ሞት! አውልቄያለሁ አልኩህ እኮ!»

በሞቴ የተማለብኝ እኔ ጆሮዋን አየሁ፤ ባዶ ነው። ከዚያ ስክሪኑን አየሁ። እናቴ ትስቃለች። ከሳቋ ዳር፣ መንጋጋዋ ጥግ ላይ፣ ቅርጽ የሌለው ነጭ ነገር ተቀምጧል። በወዲያኛው በኩል ደግሞ፣ ከፍ ብሎ፣ ያንኑ የመሰለ ሰፊና ደብዛዛ ነገር አለ፤ አንዱ ሌላውን አሻግሮ የሚያይ ይመስላል። ቆሌዬ ተገፈፈ።

«ምንድን ነው?»

«ሐኪሙ ይነግሯችኋል» አሉና ክቡር እህ ደረጃውን እየሮጡ ወጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም።

ከክፍሉ ወጥተን እዚያው ምድር ቤት ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ቀስ እያሉ ወደ ዳር ሸሹ።

«እንግዲህ ስማኝ» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ ገና ምንም አልተባለም።»

«ሰውየው ሮጠ እኮ! ለጥርስ ማን ይሮጣል?»

ወደ ደረጃው አየሁ። እሷ ቀጠለች። «ትልቁ ድስት ለእህትህ። ከአባትህ ጎን ቅበሩኝ፤ ያንኮራፋል፣ ምን ይደረጋል። ታችኛዋን ጎረቤቴን ‹ይቅር ብላሻለች› በላት። ካልሞትኩ ግን እንዳትነግራት።»

ልስቅ ስል እንባ ቀደመኝ። ይህች ሴት ገና ሳላጣት ናፈቀችኝ። እጇን ያዝኩ፤ ከእኔ እጅ ይልቅ ይሞቅ ነበር።

«ጉትቻዬ ደግሞ ለልጅህ ነው» አለችና እጇን ከጆሮዋ ኋላ ሰድዳ የሻሿን ጫፍ ጎተተች። ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለ። እናቴ የምትሳሳለትን ነገር ሁሉ፣ የቤት ቁልፍም ቢሆን፣ ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጥራ ወደ ውስጥ መሸጎጥ ዱሮም ልማዷ ነው። ቋጠሮውን ፈታች። ሁለቱ የወርቅ ጉትቻዎች መዳፏ ላይ ዱብ አሉ።

ክቡር እህና ሐኪሙ ያን ጊዜ ደረጃውን ወርደው መጨረሳቸው ነበር። ክቡር እህ ጉትቻዎቹን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«እማማ… አውልቄያለሁ አላሉኝም?»

«ታዲያ አላወለቅሁም? ጆሮዬ ላይ አለ? ወርቄን ያንተ ትሪ ላይ ልተወው እንዴ? ኮቴህ እንኳን አይሰማም!»

ሐኪሙ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ይደገም» አሉና ወደ በሽተኛቸው ተመለሱ። ክቡር እህ ያለ ሐኪም ቃል አይደግሙም፤ ጨረሩ ጥቂትም ቢሆን ያለ ምክንያት ለሰው አይሰጥም ባይ ናቸው።

«አሁን ግን ሻሹም መውለቅ አለበት» አሉ ክፍሉ ውስጥ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሽበትዎን ይግለጡ ማለት አፍሬ ነው።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ የራስ ቅል ያዩ ሰውዬ፣ የአንዲት አሮጊት ፀጉር ላለማየት ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ! አንጀቴን በሉት።

«ዙር ልጄ» አለች እናቴ። «አጥንቴን አይተህ የለ እንዴ?»

ማሽኑ እንደገና ዞረ። ነጩ ነገርም፣ የወዲያኛው ጥላም ጠፉ። እናቴ ሻሿን እያሰረች ወደ ስክሪኑ ቀረበች።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

ጉንጯን በመዳፏ ዳሰሰች። «እናቴን ቁርጥ ነኝ» አለች በመጨረሻ። እናቷ ስትሞት እኔ እንኳ አልተወለድኩም ነበር። ክፍሉ ይበልጥ ቀዘቀዘኝ። ከዚያ ወደ ክቡር እህ ዞረች። «እሞታለሁ ወይ ልጄ? አንተ ንገረኝ።»

ክቡር እህ ወደ በሩ አዩ። ላይ ቤት መቦርቦሪያው ይጮኻል።

«በዚህች ጥርስ አይሞቱም» አሉ በሹክሹክታ። «ሥሯ መግል ይዟል። ትነቀላለች፣ ያልፋል። እኔ ግን አልነገርኩዎትም። መናገር የሐኪሙ ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እማማ።»

ላይ ቤት ወጣን። ሐኪሙ ስዕሉን አይተው፣ ጥርሷ ተነቅላ እንደሚሻላት ረጋ ብለው አስረዱን። እናቴ ሁለት እጇን አጨበጨበች። «እውነትዎን ነው ዶክተር? እሰይ! ይህን ማን ያውቅ ነበር!» እኔም ያን ጊዜ ገና እንደሰማ ሰው ወንበር ተደግፌ ረጅም ትንፋሽ ተነፈስኩ። ሐኪሙ ደስታችንን አይተው ደስ አላቸው። ክቡር እህን አሳልፈን አንሰጥም።